አተር ቆጣሪው ተተኪ መምህር

የባዮሎጂ ትምህርት የተማረ ሰው ሁሉ ግሪጎር ሜንዴል የሚለውን ስም ሳይሰማ አያልፍም። አተር ዘራ፣ አዳቀለ፣ ቆጠረ፣ የዘር ውርስን ሕግ አገኘ ተብሎ በአንድ ገጽ ይነገርለታል፤ ከዚያ መልመጃው ይመጣል። ያ ገጽ ከማይነግረን ነገሮች አንዱ ግን በተለይ እኛን፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ሰዎችን፣ የሚነካ ነው። ሜንዴል መምህር ነበር። ከ14 ዓመት በላይ ጠመኔ ይዞ ክፍል ውስጥ ቆሟል። ነገር ግን የመምህርነት ፈተናውን ሳያልፍ ሞተ። የወደቀበትም ትምህርት ሌላ ሳይሆን ዛሬ ስሙ የሚነሣበት፣ ያን ጊዜ የተፈጥሮ ታሪክ ይባል የነበረው ትምህርት ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። (ከዚህ በታች የምትመለከቷቸው ዓመቶች ሁሉ በኤሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሜንዴል በጁላይ 1822 ሃይንዘንዶርፍ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። መንደሯ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ስትሆን ያን ጊዜ ግን በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዮሐን ነው። አባቱ አንቶን የራሱ ቤትና እርሻ ነበረው፤ ሆኖም ከሳምንቱ ውስጥ ሦስቱን ቀን ለባላባቱ በነጻ ይሠራ ነበር። አባቶቻችን ሁዳድ ማረስ ይሉት የነበረው ዓይነት መሆኑ ነው። በቀሩት ቀናት የራሱን መሬት ያርሳል፣ የፍራፍሬ ዛፎቹን ይንከባከባል። ትንሹ ዮሐን ከአባቱ ሥር ሥር እያለ ከተክል ጋር የተዋወቀው በዚያ ጓሮ ነው። የመንደሩ ትምህርት ቤትም ቢሆን ከንባብና ከሂሳብ ጋር የንብ እርባታና የፍራፍሬ ልማት ያስተምር ነበር። ለዚያ ዘመን የገጠር ትምህርት ቤት ይህ የሚያስገርም ነው።

የመንደሩ መምህር ቶማስ ማኪታ ይባል ነበር። ስሙን ሆን ብዬ ነው የምጽፈው። በሣይንስ ታሪክ ውስጥ ሌላ ሥራ የለውም፤ የልጁን ችሎታ ማየቱና ወደ ከተማ ሄዶ እንዲማር መደገፉ ብቻ ነው ያስታወሰው። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ላለው ገበሬ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ እርሻውን ማን ይረከበዋል? ያም ሆነ ይህ ልጁ በ1833 ከቤት ወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ትሮፓው በሚባለው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ቤተሰቡ መክፈል የቻለው የግማሽ ቀለብ ዋጋ ብቻ ስለ ነበር ልጁ ሆዱ ሳይሞላ ይማር ነበር።

በ1838 አንቶን ለባላባቱ ጉልበት ሲሠራ ግንድ ደረቱ ላይ ወደቀበት። ከሞት ቢተርፍም እንደ ድሮው መሥራት አልቻለም። ከዚያ በኋላ ከቤት የሚመጣ ነገር ቆመ። የ16 ዓመቱ ሜንዴል የግል አስጠኚነት ሥልጠና ወስዶ ታናናሽ ተማሪዎችን እያስጠና ራሱን ማኖር ጀመረ። እንግዲህ መምህርነትን የጀመረው ለእንጀራ ብሎ ነው ማለት ነው። ወደ ኦሎሞውትስ ከተማ ተዛውሮ ከፍተኛ ትምህርት ሲጀምር ግን የሚያውቀው ሰው ስለሌለ የሚያስጠናው ልጅ አጣ። ጭንቀቱ ሲበዛበት ታመመና ትምህርቱን አቋርጦ ወላጆቹ ቤት ተኛ። ያዳነችው ታናሽ እህቱ ቴሬዚያ ናት። ለትዳሯ ተብሎ ከተመደበላት ሀብት ከፍላ ሰጠችውና ትምህርቱን ጨረሰ። ይህችን ልጅ አትርሷት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

በ1843 የፊዚክስ መምህሩ ፍሪድሪክ ፍራንዝ ብርኖ ከተማ ወዳለው የቅዱስ ቶማስ ገዳም መከረውና ገባ። ግሪጎር የሚለው ስም የምንኩስና ስሙ ነው። ገዳም የወሰደው መንፈሳዊ ጥሪ ብቻ እንዳልነበረ ራሱ ኋላ በጻፈው አጭር የሕይወት ታሪክ አልደበቀም፤ ከዕለት ጉርስ ጭንቀት መገላገልም ፈልጎ ነበር። ገዳሙም ቢሆን ከዓለም የተለየ የተባሕትዎ ቦታ አልነበረም። ትልቅ ቤተ መጻሕፍትና የአትክልት ሥፍራ ነበረው፤ መነኮሳቱ በከተማው ትምህርት ቤቶች ሂሳብ፣ ፍልስፍናና ሙዚቃ ያስተምሩ ነበር። አበምኔቱ ሲሪል ናፕ የበግ እርባታና የዕፀዋት ጉዳይ የሚያሳስባቸው፣ ሰው የሚለዩ አዛውንት ነበሩ።

ሜንዴል ቅስና ከተቀበለ በኋላ ሕሙማንን እንዲጎበኝ ተመደበ። አልሆነለትም። የሚሰቃይ ሰው ባየ ቁጥር እሱ ራሱ ይታመማል። አበምኔቱ ይህን አይተው፣ ለዚህ ሥራ ካልሆነ ለሌላ ይሆናል በማለት በ1849 ዝኖይሞ ወደሚባል ከተማ ተተኪ መምህር አድርገው ላኩት። እዚያ ሂሳብና ግሪክኛ አስተማረ። ክፍል ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው ሆነ። ተማሪዎች ወደዱት፣ የሥራ ባልደረቦቹም አመሰገኑት። የሚጎድለው የምስክር ወረቀት ብቻ ሆነ።

በ1850 ቪየና ሄዶ ተፈተነ። በፊዚክስ በኩል ስለ አየር ባሕርይ የጻፈው ለፈታኞቹ ጥሩ ነበር። ጉዱ የመጣው በተፈጥሮ ታሪክ ነው። ስለ ዓለቶች የጻፈው ጽሑፍ ደካማ ተባለ። አጥቢ እንስሳትን በየወገናቸው መድብ፣ ለሰው ያላቸውንም ጥቅም ዘርዝር ሲባል የሣይንሱን አመዳደብና ስም ትቶ እንደ ማንኛውም የገጠር ሰው ጻፈ። ወደቀ።

መቼም እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር ፈታኞቹን እንደ ጅል ማቅረብ የተለመደ ነው። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ሰውየው የተፈጥሮ ታሪክን የተማረው መጽሐፍ ብቻውን እያነበበ ነበር፤ መልሱም በእርግጥ ደካማ ነበር። እንዲያውም ከፈታኞቹ አንዱ፣ የፊዚክሱ ባውምጋርትነር፣ መውደቁን ብቻ አይቶ አልተወውም። የጎደለው አእምሮ ሳይሆን ትምህርት መሆኑን ተረድቶ ዩኒቨርሲቲ ይላክ የሚል ሐሳብ ለአበምኔቱ አቀረበ። ናፕም ከገዳሙ ወጪ አድርገው ከ1851 እስከ 1853 በቪየና ዩኒቨርሲቲ አስተማሩት።

እነዚያ ሁለት ዓመቶች ያገናኙት መምህራን እንደ ዕድል የሚቆጠሩ ናቸው። ፊዚክስ ያስተማረው ክርስቲያን ዶፕለር ነው፤ ጡሩምባ እየነፋ የሚመጣ ነገር ሲቀርብና ሲርቅ ድምፁ ለምን እንደሚለወጥ ያስረዳው ያ ዶፕለር። ኤቲንግስሃውዘን የተባለው ደግሞ ነገሮች በስንት ዓይነት መንገድ ሊጣመሩ እንደሚችሉ በሂሳብ ማስላትን አስተማረው። ፍራንዝ ኡንገር ስለ ዕፀዋት ሕዋስ አስተማረው። የአንዱን ሂሳብ ወደ ሌላው አበባ ማሻገር የዚያን ጊዜ የማንም ሐሳብ አልነበረም። ተማሪው ግን ሁለቱንም በአንድ ራስ ይዞ ተመለሰ።

በ1854 ብርኖ በሚገኘው የቴክኒክ ነክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስና የተፈጥሮ ታሪክ ማስተማር ጀመረ፤ አሁንም በተተኪ መምህርነት። በ1856 ሁለተኛ ጊዜ ሊፈተን ቪየና ሄደ። በፈተናው መካከል ታመመና ሳይጨርስ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አልሞከረም። እስከ 1868 ድረስ በዚያ ትምህርት ቤት ያስተማረው የመምህርነት ፈቃድ ሳይኖረው ነው። ተማሪዎቹ ቀልድ የሚያውቅ፣ የማይቆጣ፣ የገዳሙን አትክልትና ንቦች የሚያስጎበኛቸው ደግ ሰው አድርገው ያስታውሱት ነበር።

የአተሩ ሥራ ዋናው ክፍል የተጀመረው ልክ በዚያው በ1856 ነው።

የሜንዴል ጥያቄ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ልጅ አባቱን ይመስላል፤ አንዳንዴ እናቱን፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ አያቱን መስሎ ቁጭ ይላል። አገራችንም ዘር ከልጓም ይስባል ትላለች። ግን በምን መንገድ ነው የሚስበው? ያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት የሚያምኑት የአባትና የእናት ባሕርይ እንደ ቡናና ወተት ይደባለቃል በማለት ነው። እስኪ አስቡት። ቡናና ወተት ከተደባለቀ በኋላ ማን መልሶ ይለየዋል? እውነት እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ መልክ፣ አንድ ቁመት በሆነ ነበር። የአያት መልክ ከልጅ ልጅ ላይ ብቅ ባላለ ነበር።

ሜንዴል 34 ዓይነት የአተር ዘሮች ሰብስቦ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘርቶ ፈተናቸው። የፈለገው ሁልጊዜ ራሳቸውን የሚመስል ብቻ የሚያፈሩትን መለየት ነው። ከእነርሱ 22ቱን መረጠ። አተርን የመረጠው በከንቱ አይደለም። አበባው ዝግ ስለሆነ ወንዴና ሴቴ ክፍሎቹ እዚያው ውስጥ ለውስጥ ይዳቀላሉ፤ ንብም ነፋስም ብዙ አይገባበትም። ማዳቀል ሲፈለግ ደግሞ አበባው ሳይፈነዳ ይከፈታል፣ ወንዴው ክፍል በወረንጦ ይነቀላል፣ ከሌላ አበባ የመጣ የአበባ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ከዚያ በትንሽ ከረጢት ይሸፈናል። ይህን ሥራ በአንድ አበባ ላይ መሥራት ይቻላል። በመቶ አበባ ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው።

ማሳው የገዳሙ ግቢ ውስጥ የነበረ 35 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ ቁራጭ መሬት ነው። ብዙ የትምህርት ቤት አትክልት ቦታዎች ከዚህ ይሰፋሉ! በዚያች ላይ እስከ 1863 ድረስ 28,000 የሚገመቱ የአተር ተክሎች አበቀለ። ያጠናው ሰባት ባሕርዮችን ብቻ ነው። ፍሬው ድቡልቡል ነው ወይስ የተጨማደደ? ቢጫ ነው ወይስ አረንጓዴ? ተክሉ ረጅም ነው ወይስ አጭር? የአበባው ቀለም፣ የአበባው ቦታ፣ የእሸቱ ቅርፊት መልክና ቀለም የቀሩት ናቸው። ቅጠሉን፣ ጣዕሙን፣ ምርቱን ተወው። እዚህም እዚያም ሳይረግጥ፣ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ ሊመለስ የሚችለውን ብቻ ያዘ።

ድቡልቡሉን ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅል የተገኙት ልጆች ሁሉም ድቡልቡል ሆኑ። መካከለኛ የሚባል የለም። የጭምድዱ ባሕርይ የጠፋ መሰለ። እነዚያን ድቡልቡሎች ዘርቶ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲዳቀሉ ሲተዋቸው ግን ከአንድ ቅርፊት ውስጥ ከድቡልቡሎቹ ጎን ጭምድዶቹ ተመልሰው ተገኙ፤ እንደ አያታቸው ፍጹም የተጨማደዱ ሆነው። ቡናው ከወተቱ ተለየ ማለት ነው።

ይህን መመለስ ያየው እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ናይትና ጎስ የተባሉ እንግሊዛውያን ከእሱ በፊት አተር አዳቅለው የጠፋው ባሕርይ ተመልሶ ሲመጣ አይተዋል። አይተው ጻፉና አለፉ። ሜንዴል ግን ቁጭ ብሎ ቆጠረ። 5474 ድቡልቡል፣ 1850 የተጨማደደ። በቀለም በኩል 6022 ቢጫ፣ 2001 አረንጓዴ። በቁመት በኩል 787 ረጅም፣ 277 አጭር። እርሳስ ይዛችሁ አካፍሉት። በየትኛውም በኩል ብትሄዱ ወደ 3 ለ 1 ትጠጋላችሁ።

ለምን 3 ለ 1? የሜንዴል መልስ ቀላል ነው፤ ግን ከዚያ በፊት ማንም አላሰበውም። እያንዳንዱ ተክል ለእያንዳንዱ ባሕርይ ሁለት ምክንያት ይይዛል፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። ዛሬ ጂን የምንለው ነው። ሲያፈራ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለልጁ ይሰጣል፤ የትኛውን እንደሚሰጥ ግን ዕጣ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ አይሆኑም፤ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ድቡልቡሉ ገናና ስለሆነ አንድ ካለ በቂ ነው፤ ጭምድዱ ግን የሚታየው ሁለቱም ጭምድድ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ሁለት ሳንቲም ይዛችሁ ዘውድና ጎፈር ተጫወቱ። ሁለቱን አንድ ላይ ብትወረውሩ ሁለቱም ጎፈር የሚሆኑት ከአራት ጊዜ አንዱን ያህል ነው፤ በቀሩት ሦስቱ ቢያንስ አንድ ዘውድ አለ። ያ ነው የአተሩ ምሥጢር። ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ ዕጩ መምህራን ይህን በሁለት ጣሳና በቀይና ነጭ ቦሎቄ ልትሠሩት ትችላላችሁ። በየጣሳው ቀይና ነጩን እኩል አድርጋችሁ፣ ተማሪው ሳያይ ከየጣሳው አንዳንድ እያወጣ ይመዝግብ፣ ያወጣውንም ይመልስ። ሃያ ጊዜ ብቻ ቢወጣ ውጤቱ ሊዛባባችሁ ይችላል። ሁለት መቶ ጊዜ አስወጡትና ተመልከቱ። ሜንዴል በሺህ የቆጠረው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ሜንዴል በዚህም አላቆመም። ሐሳቡ እውነት ከሆነ ድቡልቡል ከሆኑት ልጆች ውስጥ ሦስተኛው እጅ ንጹሕ፣ ሁለት ሦስተኛው ደግሞ ጭምድድን በውስጡ የደበቀ መሆን አለበት። በዓይን አይለዩም። ስለዚህ 565 ተክሎች ከድቡልቡል ፍሬ አብቅሎ ልጆቻቸውን አየ። 193ቱ ድቡልቡል ብቻ አፈሩ፤ 372ቱ ሁለቱንም አፈሩ። አስቀድሞ የገመተው ነገር ማሳው ላይ በቀለ። ሁለት ባሕርይ አንድ ላይ ሲከታተል ደግሞ አንዱ ሌላውን ሳይጎትት እየራሱ እንደሚወረስ አገኘ።

በ1936 እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ፊሸር የሜንዴልን ቁጥሮች መርምሮ ከመጠን በላይ ያማሩ ናቸው አለ፤ ማለትም ዕጣ እንዲህ ሁልጊዜ ተስተካክሎ አይወጣም። ክርክሩ ለብዙ ዓመት ቀጥሏል። የሚያጠራጥሩትን ፍሬዎች ወደሚጠብቀው ወገን ቆጥሮ ይሆን፣ ወይስ ሌላ ምክንያት አለው፣ ብዙ ተብሏል። ሕጉ ግን በሌሎች እጅ በሌሎች ማሳዎች ላይ ተደጋግሞ ተፈትኖ ጸንቷል።

በፌብሩዋሪ 8 እና በማርች 8 ቀን 1865 ሜንዴል ውጤቱን ለብርኖ የተፈጥሮ ሣይንስ ማኅበር አነበበ። ስብሰባው የተደረገው እሱ ራሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሕንጻ ውስጥ ነው። ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ። አዳመጡ፤ ወደየቤታቸውም ሄዱ። ጽሑፉ በ1866 በማኅበሩ መጽሔት ታተመ፤ መጽሔቱም በኤሮፓና ከዚያም ውጭ ከ100 በላይ ለሆኑ ተቋሞች ተላከ። ሜንዴል ለብቻው 40 ቅጂ አሳትሞ ለሊቃውንት አደለ። ዝም!

ለምን ዝም እንዳሉ ለመረዳት አንድ ሌላ ሰው እንመልከት። ቻርልስ ዳርዊን በዚያው ዘመን አንቲሪነም የሚባል የጓሮ አበባ አዳቅሎ ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ፤ በሁለተኛው ትውልድ 88ቱ የተለመደውን፣ 37ቱ ያልተለመደውን ቅርጽ ያዙ፤ ሁለቱ መካከለኛ ሆኑ። ቁጥሩ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አለ። የ3 ለ 1 ጥላ እፊቱ ቆሞ ነበር፤ ታላቁ ዳርዊን ግን አላየውም። የዚያ ዘመን የተፈጥሮ ሊቅ ዓይኑ ቅርጽና መልክ ላይ እንጂ ቁጥር ላይ አልነበረም። አበባን በሂሳብ የሚያስረዳ ሰው ለእነርሱ ቋንቋ እንደሳተ ሰው ነው።

ከሁሉም የከፋው የናገሊ ነገር ነው። ካርል ናገሊ የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ታዋቂ የዕፀዋት ፕሮፌሰር ነበር። ሜንዴል ከ1866 እስከ 1873 ድረስ ደጋግሞ ጻፈለት፤ ራሱ እንዲሞክረው የአተር ዘርም ላከለት። ፕሮፌሰሩ በትሕትናም በንቀትም መካከል ባለ ድምፅ መለሰ፤ አተሩን ትተህ እኔ በማጠናው ሂየራሲየም በሚባለው የዱር አበባ ላይ ሞክር አለው። ሜንዴል ታዛዥ ሆኖ ዓመታት ፈጀበት። አበባው ከማነሱ የተነሣ በአጉሊ መነጽር ሲሠራ ዓይኑ ታመመ። ውጤቱም ከአተሩ ጋር አልገጥም አለ። በኋላ እንደታወቀው ሂየራሲየም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማዳቀል ዘር ያፈራል፤ ልጁ የእናቱ ቅጂ ነው። በምድር ላይ ካሉ አበቦች ሁሉ ለዚህ ሥራ እጅግ ከማይመቹት አንዱን ነበር የመረጠለት! ናገሊ በ1884 ስለ ዘር ውርስ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የሜንዴል ስም አልተነሣበትም።

በ1868 ናፕ ካረፉ በኋላ መነኮሳቱ ሜንዴልን አበምኔት አድርገው መረጡት። መምህርነቱም በዚሁ አበቃ። ለተተኪ መምህሩ ድንገት ሀብታም ገዳም በእጁ ገባ። እዚህ ላይ ነው ቴሬዚያ የምትመለሰው። የሦስቱንም ልጆቿን የትምህርት ወጪ ቻለ፤ ሁለቱ ሐኪሞች ሆኑ። ያቺ ለትዳር የተቀመጠች ገንዘብ በዚህ መልክ ተከፈለች።

ምርምሩ ግን ቀነሰ። ንቦች ያረባ ነበር፤ የአየር ጠባይ በየዕለቱ ይመዘግብ ነበር። በኦክቶበር 1870 ብርኖን የመታውን አውሎ ነፋስ የመኖሪያ ክፍሉን መስኮት ሰብሮ ሲገባበት እንኳ አካሄዱን አስተውሎ ጽፎበታል። ከ1874 ወዲህ ደግሞ መንግሥት በገዳማት ላይ አዲስ ግብር ጣለ። ሜንዴል አልከፍልም ብሎ እስኪሞት ተከራከረ። ሌሎቹ ገዳማት ከፈሉ፤ የሱ ገዳም ንብረት ተያዘበት። እልኸኛ ነበር ማለት ይቻላል። ያው እልህ ነው ስምንት ዓመት አተር ያስቆጠረው፤ ያው እልህ ነው የመጨረሻ ዓመቶቹን በቢሮ ደብዳቤ ያስጨረሰው።

በጃንዋሪ 6 ቀን 1884 በኩላሊት ሕመም ሞተ። በቀብሩ ላይ ሙዚቃውን የመራው በልጅነቱ በዚያው ገዳም የመዝሙር ትምህርት ቤት ያደገው፣ ኋላ ስመ ጥር የሙዚቃ ደራሲ የሆነው ሌኦሽ ያናቼክ ነው። ለቅሶ የመጣው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ ያለቀሰው ግን ለደጉ አበምኔት ነው። ሣይንቲስት መሞቱን ያወቀ አልነበረም። የግል ወረቀቶቹም አብዛኛዎቹ ተቃጠሉ።

ከዚያ 16 ዓመት አለፈ። በ1900 የጸደይ ወራት ሆላንዳዊው ደ ፍሪስ፣ ጀርመናዊው ኮረንስና ኦስትሪያዊው ቸርማክ እየራሳቸው ሲሠሩ ቆይተው ስለ አንድ ነገር ጻፉ፤ ሦስቱም የቆየችውን የብርኖ ጽሑፍ ጠቀሱ። ኮረንስ የማን ተማሪ መሰላችሁ? የናገሊ። የናገሊን የወንድም ወይም የእህት ልጅ ያገባውም እሱ ነው። ጂን የሚለው ቃል የተፈጠረው በ1909 ነው፤ ሜንዴል ያን ቃል ሳይሰማ ነው የሞተው። በ1910 በብርኖ አደባባይ ሐውልት ቆመለት።

ሐውልቱም ቢሆን ዕድሉ ቀና አይደለም። በሶቭየት ኅብረት ሊሴንኮ የሚባል ሰው የሜንዴልን ሕግ ሐሰት ነው ብሎ የመንግሥት ድጋፍ አገኘ፤ በ1948 ሕጉን ማስተማር ተከለከለ። ፖለቲካው ወደ ቼኮዝሎቫኪያም ተሻገረና በ1950 ሐውልቱ ከአደባባይ ተነሥቶ ወደ ገዳሙ ግቢ ገባ። በዚህ ነገር ሕይወቱን ያጣ ሰው አለ፤ እኛንም ያውቀናል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ ይባላል። በ1927 በበቅሎ እየተጓዘ የኢትዮጵያን የስንዴ፣ የገብስና የሌሎች ሰብሎች ዘር የሰበሰበ፣ አገራችን ከዓለም የሰብል ዓይነቶች ምንጮች አንዷ መሆኗን ለሣይንስ ዓለም ያስታወቀ ሩሲያዊ ሊቅ ነው። የሜንዴልን ትምህርት አልክድም በማለቱ ከሊሴንኮ ጋር ተጣላ፤ በ1940 ታሰረ፤ በ1943 በሳራቶቭ እሥር ቤት በረሃብ ተዳክሞ ሞተ። ዓለምን ከረሃብ ለማዳን ዘር ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው።

ስለ አተሩ ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር። ጭምድዱ አተር ለምን እንደሚጨማደድ የታወቀው በ1990 ነው። ስታርች በደንብ እንዲሠራ የሚያደርገው ጂን ውስጥ 800 ያህል ፊደል የሚሆን ባዕድ ቁራጭ ገብቶ አበላሽቶታል። ስታርቹ ሲያንስ ስኳሩ ይበዛል፤ ስኳሩ ውሃ ይስባል፤ ፍሬው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲደርቅ ቆዳው ይሰፋውና ይጨማደዳል። የተጨማደደው እሸት ሲበሉት ጣፋጭ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በ1997 ደግሞ የቁመቱ ጂን ተገኘ፤ አጭሩ አተር የሚያጥረው የማደጊያ ቅመሙ ስለሚጎድለው ነው። በአገራችንም በደቡብ ትግራይና በሰሜን ወሎ ደጋ የሚዘራው፣ ፍሬው ደቃቅ የሆነው ደቆቆ ከተለመደው አተር ተለይቶ የአቢሲኒያ አተር የሚል የሣይንስ ስም ያለው ነው። የሜንዴል ማሳ ላይ አልበቀለም እንጂ ዘመዱ ነው።

የብርኖው ገዳም ዛሬም አለ፤ ሙዚየምም ሆኗል። ሜንዴል የተወለደበትን 200ኛ ዓመት ለማክበር በ2021 ተመራማሪዎች መቃብሩን ከፍተው አጽሙን አወጡ። ከአጥንቱም ጂኖቹን አነበቡ።